«የምበላው አንድ እንጀራ ነው»፦ የአንዲት እንጀራ ጋጋሪ የስኳር ጉዳይ

መነሻ

«ስኳር ትቻለሁ፤ ስኳሬ ግን አልወርድ አለኝ።» ባሕር ዳር ውስጥ በምሠራበት ጤና ጣቢያ፣ ክትትል ክፍላችን ደጃፍ ላይ ይህን የሚል ሰው አይጠፋም። ብዙዎቹ እውነታቸውን ነው። ሻይ ላይ ስኳር አቁመዋል፣ ለስላሳ አይቀምሱም። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ከእነዚህ መካከል የአንዲት እናት ጉዳይ ሰበቡን ደረጃ በደረጃ ለመከተል ስለተመቸ መዝግቤዋለሁ። ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ስማቸውንና ሰፈራቸውን አልጠቅስም።

ባለታሪኳ

51 ዓመታቸው ነው። እንጀራ ጋግረው ለሱቆችና ለትንንሽ ምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይጀምራሉ፤ መብራት ከሄደ በእንጨት ይቀጥላሉ። ከሦስት ልጆቻቸው ትንሿ አብራቸው ትጋግራለች። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ58 ሳንቲም ነው። መጀመሪያ ሲመጡ 78 ኪሎ ይመዝኑ ነበር፤ አብዛኛው ውፍረት ሆዳቸው ላይ ነው።

ታላቅ እህታቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። እግራቸው ላይ የወጣ ቁስል ሳይድን ቆይቶ ሐኪሞች እግሩን ቆርጠውታል። ስለዚህ እዚህ ቤት የስኳር ነገር ቀልድ አይደለም። ፍርሃቱ ጠቅሟቸዋል፣ ጎድቷቸዋልም፤ ሁለቱንም ወደፊት እናየዋለን።

ምን ተገኘ

ኅዳር ላይ የመጡት ለግፊት ነበር። በዚያው በባዶ ሆድ ስኳራቸው ሲለካ 118 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ሆነ። በሌላ ቀን ሲደገም ብዙም አልተለየም። «የሦስት ወር ስኳር» የሚባለው ምርመራ ደግሞ 6.3 በመቶ አሳየ። ይህ ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስለሚያሳይ፣ ለቀጠሮ ብሎ ሁለት ቀን መጠንቀቅ አያታልለውም።

የቁጥሮቹ ትርጉም ይህ ነው። በባዶ ሆድ ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል። 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ነው። በሦስት ወሩ ምርመራ ከ5.7 በታች ደህና፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር፣ 6.5ና ከዚያ በላይ በሽታ ነው። ባለታሪኳ ደጃፉ ላይ ቆመዋል ማለት ነው።

«ምንም አላመመኝም እኮ ሲስተር» አሉኝ። ልክ ናቸው። ውሃ ውሃ አላላቸውም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ አይመጣባቸውም። በዚህ ደረጃ ሕመሙ ድምፅ የለውም። የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦና ድንች አንጀት ውስጥ ወደ ስኳር ተለውጦ ደም ውስጥ ይገባል። ቆሽት የምታመነጨው ኢንሱሊን ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት ያስገባል። ሆድ ላይ ስብ ሲከማች ሕዋሳቱ ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ይዳከማል። ቆሽት ትርፍ ትሠራለች። ትርፉ ሲያቅታት ቁጥሩ መውጣት ይጀምራል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል፤ ሰውየው ግን ሥራውን እየሠራ፣ ሠርግ እየሄደ ነው።

ሐኪሙ ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን መጀመር እንደሚቻል ነገራቸው። እሳቸው ደግሞ «እስኪ መጀመሪያ በምግቤ ልሞክር» አሉ። ሐኪሙ ተስማማ። መስማማቱ ዝም ብሎ አይደለም። በፈረንጆች 2002 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ3,200 በላይ ቅድመ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሎ ነበር። ክብደታቸውን በ7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት፣ ወደ በሽታው የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ሜትፎርሚን የወሰዱት በ31 በመቶ። ለባለታሪኳ 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ነው።

የመጀመሪያው ሦስት ወር

የተለመደውን ምክር ወስደው ሄዱ፤ ስኳር ይቀንሱ፣ ለስላሳ ይተው፣ እንጀራ አያብዙ። በትጋት ፈጸሙት። የስኳሩ ዕቃ ከጓዳ ወጣ። ሻያቸውን በማር ማጣፈጥ ጀመሩ፤ ማር መድኃኒት ነው ተብሎ ነው ያደጉት። ለስላሳውን ትተው፣ ከተማ ሲወጡ ጁስ ቤት ገብተው ስፕሪስ ይጠጣሉ። ጠዋት በባዶ ሆድ የአብሽ ውሃ። እራት ደግሞ ጭራሽ ተዉ። የእህታቸው እግር ፊታቸው ላይ ስለሚመጣ ሲፈሩ አይበሉም።

የካቲት ላይ የሦስት ወሩ ስኳር 6.4 ሆነ። የባዶ ሆዱ 122። ክብደታቸው አንድ ኪሎ ጨምሯል። ወረቀቱን ሳነብላቸው ተቆጡ። «ታዲያ ምን ልብላ? አፈር?»

ንዴታቸው ተገቢ ነበር። ከተባለው ውስጥ ያጓደሉት የለም። ማር ግን ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ስኳር ነው፤ ለደማቸው ስም መቀየር እንጂ ሌላ ለውጥ አላመጣም። ስፕሪሱም ቢሆን የሁለት ሦስት ፍሬ ማንጎና ፓፓያ በአንድ ብርጭቆ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስኳር ይጨመርበታል። ፍሬውን ቁጭ ብሎ ማላመጥ ጊዜ ይወስዳል፣ ያጠግባልም። ጁሱ ግን በሁለት ደቂቃ ያልቃል። አብሽ ስኳርን በመጠኑ ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል የሚጠቁሙ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። እንዲህ ያለውን አመጋገብ ግን አይሸከምም። እራት መተዉ ደግሞ የሌሊት ረሃብ አመጣ፤ ረሃቡ ደግሞ ምጣድ አጠገብ ነው የሚያገኛቸው።

ይህ ሁሉ ግን የቁጥሩን ግማሽ እንኳ አያስረዳም ብዬ አሰብኩ። በቀን ስንት እንጀራ እንደሚበሉ ደጋግሜ ጠይቄያቸው ነበር። መልሳቸው አንድ ነው፦ «የምበላው አንድ እንጀራ ነው፤ እሱንም ምሳ ላይ።»

ምጣድ ዳር

ፈቅደውልኝ አንድ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ቤታቸው ሄድኩ። ምንም አልጠየቅኩም፤ ከበርጩማ ላይ ተቀምጬ አየሁ።

ምጣዱ ሲግል መጀመሪያ የሚወጣው ማሟሻ ነው። ዓይኑ ያልወጣ፣ ጠርዙ የተኮማተረ። አይሸጥም። ባለታሪኳ ገና ሙቀቱ ሳይወጣ በእጃቸው ቆረስ አድርገው፣ ደረቅ በርበሬ በዘይት ነካ እያደረጉ ቆመው በሉት። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ሰፌድ ላይ ሲወጣ ተቀደደ። «ይኼማ ለደንበኛ አይሰጥም» አሉና ጠቅልለው ያዙት። ግማሹን ለልጃቸው፣ ግማሹን ለራሳቸው። ከፔርሙዝ ሻይ ቀዱ፤ ማር በትልቅ ማንኪያ። ሌላ ተቀደደ። መጨረሻ ላይ ቡሃቃው ጥግ በቀረው ሊጥ እንጎቻ ተጋገረች። እሷንም ተካፈሏት። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን በእኔ ግምት ከሁለት እንጀራ ያላነሰ በልተዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ቁርስ እንኳ ሳልበላ ነጋ፤ ነይ አብረን እንብላ» አሉኝ።

አልዋሹኝም። በእሳቸው አቆጣጠር መብላት ማለት እጅ ታጥቦ፣ መሶብ ቀርቦ፣ ወጥ ወጥቶ ነው። ማሟሻና የተቀደደ እንጀራ ደግሞ የሥራ ትርፍራፊ ነው፤ ከዕቃ ማጠብ አይለይም። ሊጥ ስትቀምስ የምትውል ምግብ አብሳይ፣ ዳቦ ቤት የሚሠራ ልጅ፣ የልጆቿን ትርፍ የምታነሳ እናት፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚቆጥሩት።

አንዱን እንጀራ ሚዛን ላይ አደረግነው፤ 340 ግራም። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ውሃ ነው። የቀረው በአብዛኛው ስታርች (አንጀት ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው የእህል ክፍል) ስለሆነ ወደ 100 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ይወጣዋል። አንድ 300 ሚሊሊትር ኮካ ኮላ 32 ግራም ያህል ስኳር አለው። እንጀራው ቃጫ (የማይፈጭ የእህል ክፍል) ስላለው እንደ ለስላሳው አይሮጥም፤ ብዛቱ ግን ብዛት ነው።

ሌላው ነገር ዱቄቱ ነው። የሚጋግሩት ጤፍ ብቻ አይደለም፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከፎገራ የመጣ የሩዝ ዱቄት ነው። በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ሩዝ በስፋት ስለሚመረት እኛ ጋ ቅይጥ እንጀራ የተለመደ ነው። ይረክሳል፣ እንጀራውንም ያነጣዋል፤ ደንበኛም ነጭ ይወዳል። የጤፍ ፍሬ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ሽፋኑ አይፈተግም፤ ከነገለባው ይፈጫል። ነጭ ሩዝ ግን ሽፋኑን ያጣ ነው። ቃጫው ስለሄደ ስታርቹ ቶሎ ይፈጫል፣ ስኳሩም ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል።

ምሳቸውንም ጠየቅኳቸው። በዚያ ሳምንት እንጀራው ላይ የወጣው ወጥ ድንች፣ ፓስታ፣ እንደገና ድንች ነበር። ፓስታ በእንጀራ ስንበላ «ወጥ» ብለን እንቆጥረዋለን። ለደም ግን እንጀራ በእንጀራ ነው።

ሁለት ጠዋት በመለኪያ

ክርክሩን ያቆመው የስኳር መለኪያው ነው። አንድ ጠዋት እንደ ልማዳቸው ማሟሻውን፣ የተቀደደውን፣ የማር ሻዩን ወሰዱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣታቸው ተወግቶ ሲለካ 189። በሌላ ቀን ምጣዱ ከመለኮሱ በፊት ቁጭ ብለው ግማሽ የጤፍ እንጀራ በምስር ወጥና በብዙ ጎመን በሉ። ሻዩ በቀረፋና በቅርንፉድ ብቻ። ከሁለት ሰዓት በኋላ 143።

ይህ የሁለት ቀን ልኬት ነው፤ ጥናት አይባልም። እንቅልፍ፣ ጭንቀት፣ ሥራ መብዛት፣ ሁሉም ቁጥሩን ያወላውለዋል። ለእሳቸው ግን ከሦስት ወር ምክር በለጠ። ሁለቱን ቁጥሮች ልጃቸው በእስክሪብቶ ግድግዳው ላይ ጻፈቻቸው።

ምን ተለወጠ

ትልቁ ለውጥ ከእኔ አልመጣም። «እንጀራውን እንዴት እጥለዋለሁ?» የሚለው ነበር ችግሩ። እህል መጣል ነውር ነው፣ ኪሳራም ነው። መላውን ያመጣችው ልጃቸው ነች። ማሟሻውና የተቀደደው ሰፌድ ላይ ተቆራርጦ ይሰጣና ድርቆሽ ሆኖ ይሸጥ አለች። ከሆዳቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ። ከዚያ በኋላ የተቀደደ ሲያዩ እጃቸው ወደ አፋቸው ሳይሆን ወደ ሰፌዱ መሄድ ጀመረ። እኔ «ይተው» ብል ኖሮ አይተዉትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው፣ ከመጋገር በፊት ቁጭ ብሎ መብላት ነው። ጠግቦ ምጣድ ዳር የቆመ ሰው ማሟሻ አያጓጓውም።

ወጡ ላይ አንድ ደንብ ብቻ አወጣን፤ እንጀራ ካለ ድንች፣ ፓስታና ሩዝ ወጥ አይሆኑም። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ቆስጣ ይሆናሉ። በፍስክ ቀን አንዳንዴ ከጣና የወጣ ቆረሶ ዓሣ፣ ዘይት ውስጥ ከሚዋኝ ጥብስ ይልቅ በወጥ መልክ። አትክልቱንና ምስሩን መጀመሪያ በማንኪያ ቀመስ ቀመስ አድርጎ እንጀራውን ኋላ ማስከተልም ረድቷቸዋል። ስታርቹ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳር ዝቅ እንደሚል ትንንሽ ጥናቶች ያሳያሉ።

ለቤቱ ፍጆታ ጤፍና ዳጉሳ ለብቻው ይቦካል። ዳጉሳ የጎጃም የቆየ እህል ነው። ጠይም እንጀራ እንግዳ ፊት ማቅረብ ትንሽ ያሳፍራቸው ነበር። አሁን ለምደውታል።

ሻዩ ቀስ በቀስ ነው የወረደው። መጀመሪያ ማሩ ግማሽ ማንኪያ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። እንቅስቃሴው ደግሞ ቅዳሜ ገበያ በእግር መሄድ ነው፤ ሲመለሱ ዕቃ ስለሚይዙ በባጃጅ። ከእራት በኋላም ከልጃቸው ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል ወክ ያደርጋሉ። ከምግብ በኋላ መራመድ ጡንቻ ስኳሩን እንዲጠቀምበት ያደርጋል፤ ከዕረፍት ጊዜ ሩጫ ይልቅ ለእንዲህ ዓይነት ሰው ይህ ይቀላል።

ያልሠራው

የሰሃኑ ሥዕል አልሠራም። ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ጥራጥሬ ወይም ሥጋ፣ ሩቡ እንጀራ የሚለው ሥዕል ሰሃን ላይ ለሚበላ ሰው የተሠራ ነው። እኛ ጋ እንጀራው ራሱ ሰሃን ነው፤ ከሥር ተነጥፏል፣ አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ይበላል። ለብቻዎ ይቅረብልዎ ስላቸው «እኔ ምን ሆኜ ነው ከቤተሰቤ የምለየው?» አሉ። የተስማማነው ትሪው ላይ ወጡ እንዲበዛ፣ ጥቅሉ እንጀራ ደግሞ ለእሳቸው በግማሽ እንዲቀርብ ነው። ጉርሻ ግን መላ አልተገኘለትም። ጉርሻ እንቢ ማለት ከባድ ነው።

እራት መዝለሉን አስቁመናል። የሩዝ ቅይጡን ለገበያ ማቆም ግን አልተቻለም። ንጹህ ጤፍ ቢጋግሩ ዋጋው ይወጣል፣ ደንበኛ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ይህን በምክር የምንፈታው አይደለም።

ጾሙ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ባለታሪኳ እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። ብዙ ሰው የጾም ምግብ ቅባትና ሥጋ ስለሌለው ለስኳር ጥሩ ይመስለዋል። ጥራጥሬው በእርግጥ ጥሩ ነው። ግን እሳቸው ዘንድ ጾሙ የሚፈታው በዳቦና በጣፋጭ ሻይ፣ ቀጥሎ በፓስታ በእንጀራ ነበር። ሙሉ ቀን የቆየው ረሃብ በአንድ ጊዜ ይካሳል።

መድኃኒት ስለማይወስዱ ሐኪሙ መጾማቸውን አልከለከለም። ጠዋት መብላቱ ስለማይቻል ማሟሻው እንዳይፈትናቸው ልጃቸው ምጣዱን ተረከበች፤ እሳቸው ማቡካቱንና ማስረከቡን ያዙ። 9 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ንፍሮ፣ ትንሽ ቆይቶ ምሳ። የንስሐ አባታቸውም ሰምተው «ጾሙ እኮ በልክ መብላትን ይጨምራል» አሏቸው። ይህች አባባል ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ በላይ ሠርታለች።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ይህን አይቅዳ። ሳይበሉ ሲቆዩ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ይመጣል፣ ሕይወትም ያሰጋል። ጾሙን ከሐኪም ጋር ሳይመክር አይጀምር። ቤተ ክርስቲያንም የታመመን ሰው አታስጨንቅም።

ፋሲካ ደግሞ የራሱን አደረገ። ዶሮ፣ ዳቦ፣ ጠላ፣ የዘመድ ቤት። በሁለት ሳምንት ኪሎ ተኩል ተመለሰ። ስለዚህ አልተነጋገርንም ማለት ይቻላል፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወደ ደንባቸው ተመለሱ።

ውጤቱ

ግንቦት ላይ የሦስት ወሩ ስኳር 6.1፣ ክብደቱ 75 ኪሎ ተኩል። ነሐሴ ላይ 5.9፣ የባዶ ሆዱ 107፣ ክብደቱ 73 ኪሎ ተኩል። ግፊታቸውም ትንሽ ወርዷል። 5.9 አሁንም ቅድመ ስኳር ነው። ድነዋል አልተባለም፤ ምርመራው ይቀጥላል፤ ቁጥሩ ከወጣ የኪኒኑ ጉዳይ እንደገና ይነሳል።

ለሌላ ሰው የሚተርፍ

ለሙያ ጓደኞቼ፦ «ስንት እንጀራ ይበላሉ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ አያወጣም። «ከእንቅልፍ ከተነሡ እስከ ምሳ አፍዎ የገባውን ሁሉ ይንገሩኝ፤ ቆመው የበሉትንም» ሲባል ሌላ ታሪክ ይወጣል። ቤት ሄዶ ማየት ከተቻለ ደግሞ ይበልጣል። ሁሌ አይቻልም፤ ያን ጊዜ ምግቡን የሚያበስለውን ሰው አብሮ መጥራት ይጠቅማል። ባል ተመክሮ ሚስት ካልሰማች ምክሩ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

ለቤተሰብ፦ አንድ ነገር ሲወጣ በቦታው ምን እንደገባ ይታይ። ስኳር ወጥቶ ማር፣ ለስላሳ ወጥቶ ጁስ፣ ሥጋ ወጥቶ ፓስታ ከገባ ምንም አልወጣም። ጤፍም ቢሆን ስታርች ነው፤ መልካም እህል መሆኑ ልኩን አያስቀርም።

መለኪያ ማግኘት የሚችል ሰው ከምግብ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለጥቂት ቀናት ቢለካ ስለ ራሱ ገበታ ብዙ ይማራል። በየቀኑ መወጋት ግን በዚህ ደረጃ ላለ ሰው አያስፈልግም፤ የመለኪያው ወረቀትም ውድ ነው።

ስኳር በዘር ስለሚያደላ የባለታሪኳ ልጆችም እንዲመረመሩ ጠይቀናል። ሁለቱ ደህና ናቸው። ባጃጅ የሚነዳው የ29 ዓመቱ ልጃቸው በባዶ ሆድ 109 ሆኖ ተገኝቷል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፣ ከሰዓት በጫት ላይ ለስላሳ ይጠጣል። እናቱ ድርቆሹን ፍርፍር አድርገው በብዙ ቲማቲምና ቃሪያ ሊያበሉት እየሞከሩ ነው፤ እሱ ገና አልተሸነፈም።